ማትሪክ በሌለበት አገር ዩኒቨርሲቲ መግባት

ካሊፎርኒያ ውስጥ ልጁን ኮሚኒቲ ኮሌጅ (የሁለት ዓመት የሕዝብ ኮሌጅ) ያስገባ የእኛ ሰው ቶሎ የሚጠይቀው «ወደ ዩኒቨርሲቲ ለመዛወር ኤስኤቲ ስንት ማምጣት አለበት?» ብሎ ነው። ምንም አያስፈልግም። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ ማለትም ዩሲ፣ የኤስኤቲም ሆነ የኤሲቲ (ሁለቱ የአሜሪካ የኮሌጅ መግቢያ ፈተናዎች) ውጤት ቢላክለት እንኳ ለቅበላ አያየውም። ይህን የሰማ ወላጅ «በቃ ቀለለ» ብሎ ይተኛል። እኔ ግን ከበደ ነው የምለው፤ የአንድ ቀኑ ፈተና ተበትኖ በሁለት ዓመት ኮርሶች ላይ ስለተደለደለ የትኛው ኮርስ መቼ ተወሰደ የሚለው ሁሉ ይቆጠራል።

በማትሪክ ላደገ ሰው ይህ ባይዋጥለት አይፈረድበትም። አገር ቤት የ12ኛ ክፍል ፈተና ሁሉን ይወስናል፤ በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት 50 በመቶና በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ያለፈውን በአብዛኛው ትምህርት ሚኒስቴር ይመድበዋል፤ ከተመደበ በኋላ ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ መዛወር እንደ ሕመም ያለ ከባድ ምክንያት ይጠይቃል። የሚገርመው፣ ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ የአንደኛ ዓመት ኮርሶች በየዩኒቨርሲቲው አንድ ዓይነት እንዲሆኑ ተደርጓል። ክሬዲቱ ለመንቀሳቀስ ዝግጁ ነው፤ የማይንቀሳቀሰው ተማሪው ነው።

ካሊፎርኒያ ውስጥ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ተማሪው እንደ ልቡ ይሄዳል፣ ክሬዲቱ መንገድ ላይ ሊቀር ይችላል። ለዩሲ 60 የሴሚስተር ክሬዲት (ከሴሚስተር ባጠረ ጊዜ፣ በኳርተር፣ ለሚያስተምር ኮሌጅ 90) ያስፈልጋል። ከውስጡ ሁለት የእንግሊዝኛ ድርሰት ኮርሶች፣ አንድ ሒሳብ፣ ቢያንስ ከሁለት የትምህርት መስክ የተውጣጡ አራት ኮርሶች ሲ እና ከዚያ በላይ መሆን አለባቸው። ለክፍለ ግዛቱ ነዋሪ ዝቅተኛው ጂፒኤ 2.4 ነው፤ ይህ ግን ለማመልከት ያበቃል እንጂ ቦታ አያሰጥም።

ብዙ ልጅ የሚሰናከለው የሜጀሩን፣ ማለትም የሚመርጠውን የትምህርት ዘርፍ፣ ቅድመ ኮርሶች ባለመውሰዱ ነው። ምህንድስና ወይም ኮምፒውተር ሳይንስ የሚፈልግ ልጅ ጂፒኤ ለማሳመር ቀላል ቀላሉን እየለቀመ 60 ክሬዲት ቢሞላ፣ ካልኩለሱ፣ ፊዚክሱና ፕሮግራሚንጉ ከሌለ ዋጋ የለውም። መድኃኒቱ አሲስት የሚባለው የሕዝብ ኮሌጆች ድረ ገጽ ነው፤ ኮሌጁን፣ የሚፈለገውን ካምፓስና ሜጀሩን ሲመርጡ የትኛው ኮርስ በየትኛው እንደሚተካ ያሳያል። መታየት ያለበት ከመጀመሪያው ምዝገባ በፊት ነው። ካልኩለስን ግማሹን በሴሚስተር ኮሌጅ፣ ግማሹን በኳርተር ኮሌጅ መውሰድም አደገኛ ነው፤ ምዕራፎቹ ስለማይገጥሙ መሐል ላይ ክፍተት ይፈጠራል።

ታግ የሚባል የቅበላ ዋስትናም አለ። ከዩሲ ካምፓሶች ዴቪስ፣ ኧርቫይን፣ መርሴድ፣ ሪቨርሳይድ፣ ሳንታ ባርባራና ሳንታ ክሩዝ ይሰጣሉ፤ በርክሊ፣ ሎስ አንጀለስና ሳን ዲዬጎ አይሰጡም። ከስድስቱ የሚመረጠው አንድ ብቻ ሲሆን ቅጹ ከሴፕቴምበር 1 እስከ 30 ይሞላል። ታግ የሞላ ልጅ መደበኛውን ማመልከቻ ቆይቶ ካላስገባ ዋስትናው ከንቱ ነው። በጃንዋሪ ደግሞ የመኸሩን ውጤትና የጸደዩን ኮርሶች የሚያሳውቅበት ማሻሻያ አለ፤ እሱን የዘነጋም ዕድሉን ያበላሻል።

ማመልከቻው ላይ ውጤቱን የሚጽፈው ራሱ ተማሪው ነው። ትራንስክሪፕት የሚላከው ከተቀበሉት በኋላ ነውና ያኔ ልዩነት ከተገኘ ቅበላው ይሰረዛል። ያቋረጡት ኮርስም፣ አንድ ሴሚስተር ብቻ የተማሩበት ኮሌጅም ይጻፋል። አገር ቤት ዩኒቨርሲቲ ጀምሮ የመጣ ሰው «እዚያ ያለው ማን ያውቀዋል» ብሎ መደበቅ የለበትም፤ ዲግሪ ይዞ የመጣ ከሆነ ደግሞ አብዛኛው የዩሲ ካምፓስ ለሁለተኛ ባችለር እንደማይቀበል አስቀድሞ ይወቅ። ከኢትዮጵያ ትራንስክሪፕት የሚያስመጣ ሰው ጥያቄውን ወራት ቀደም ብሎ ለሬጅስትራር ያቅርብ፤ ከተቋሙ በቀጥታ፣ በታሸገ ፖስታ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ መላክ ሊኖርበት ስለሚችል። የወጪ መጋራት ዕዳ ያልተዘጋ ከሆነ ትራንስክሪፕቱ እዚያው ሊያዝ ይችላል።