ድልህ በማንኪያ የሚሸጠው ፈላጊ አጥቶ አይደለም

በሰፈሬ ካሉት ሱቆች በአንደኛው ባለሱቁ ጠዋት አንድ ትልቅ የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ ይከፍትና እስኪያልቅ ድረስ በማንኪያ እየጨለፈ፣ በፌስታል ቁራጭ እየቋጠረ ይሸጣል። ገዢዎቹ የሚጠይቁት ለአንድ ወጥ የሚበቃቸውን ብቻ ነው። ቆርቆሮውን እንዳለ የማይገዙት አንድም ገንዘቡ ባንዴ ስለሚከብዳቸው፣ አንድም ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት የተከፈተ ድልህ በጥቂት ቀን ሻጋታ ስለሚይዘው ነው። ይህን በየቀኑ እያየሁ «የእኛ ሸማች የተቀነባበረ አትክልትና ፍራፍሬ አይፈልግም» የሚለውን አባባል ለመቀበል እቸገራለሁ።

አባባሉ ፈጽሞ መሠረት የለውም ማለት አይደለም። ጁስ ቤት ገብተን ስፕሪስ ስናዝዝ አቮካዶውና ማንጎው እዚያው ፊታችን ካልተፈጨ ደስ አይለንም። የታሸገ ጭማቂ ለብዙ ቤተሰብ ዛሬም በአመዛኙ ሕመምተኛ ሲጠየቅ ከብርቱካንና ከሙዝ ጋር ተይዞ የሚኬድ እንጂ ለቤት የሚገዛ አይደለም። ነገር ግን ትኩሱን የሚመርጥ ሰው የተቀመጠውን ይጠላል ማለት አይቻልም። በርበሬ እኮ የደረቀ አትክልት ነው፤ በፀሐይ ተሰጥቶ፣ ተቀንጥሶ፣ ከቅመሙ ጋር ተፈጭቶ ዓመት ይቀመጣል፣ በሻንጣ ተጭኖም ዋሽንግተንና ቴል አቪቭ ድረስ ይሄዳል። «ድልህ» የሚለው ቃል ራሱ ለቲማቲሙ ከመዋሉ በፊት የበርበሬ ነበር። ስለዚህ ሳይበላሽ የሚቆይ ምግብ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ እንግዳ የሆነብን ማን እንዳዘጋጀው የማናውቀው ምግብ ነው።

የባልትና ውጤት የምንገዛው የባለሙያዋን እጅ አምነን ነው። ያም ቢሆን እምነቱ እየተሸረሸረ መጥቷል፤ በርበሬ ከሸክላ ዱቄት፣ ቅቤ ከባዕድ ነገር ጋር ተቀላቅሎ ተያዘ የሚል ዜና ሰምቶ የማያውቅ የከተማ ሰው ያለ አይመስለኝም። እንዲህ የተጠራጠረ ሸማች አንድ ቆርቆሮ መደርደሪያ ላይ ሁለት ዓመት እንደሚቆይ ሲያነብ «ኬሚካል ቢኖርበት ነው» ቢል ሊፈረድበት አይገባም። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ምግቡን የሚያቆየው በመሠረቱ ሙቀቱና አየር የማያስገባው እሽግ ሲሆን፣ ፈረንሳዊው ኒኮላ አፔር በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ይህንኑ ዘዴ ይፋ ካደረገ ወዲህ መርሁ አልተለወጠም። ቲማቲም በተፈጥሮው ኮምጣጣ ስለሆነ ከመፍያ ነጥብ ብዙም የማይርቅ ሙቀት ይበቃዋል፤ እንደ ፎሶሊያና ካሮት ያለው ኮምጣጣ ያልሆነ አትክልት ግን ከ100 ዲግሪ በላይ በግፊት ካልበሰለ አደገኛ ነው። ቲማቲም ሲበስልና ዘይት ሲያገኝ ቀይ ቀለሙን የሚሰጠው ላይኮፒን የተባለው ንጥረ ነገር በሰውነታችን ይበልጥ እንደሚወሰድም የታወቀ ነው፤ በአንጻሩ ከቫይታሚን ሲ የተወሰነው ይጠፋል። ከአምራቾቻችን መካከል ይህን በግልጽ አማርኛ ማሸጊያው ላይ የጻፈ እስካሁን አላየሁም። ከውጭ የሚገባውማ ብዙ ጊዜ የሚናገረው እናቶቻችን በማያነቡት ቋንቋ ነው።

ከእምነቱ ቀጥሎ፣ እንደ እኔ ግምት ደግሞ ከእምነቱም በላይ፣ ጉዳዩ የወቅት ነው። የቲማቲማችን ዋና ምንጭ በመቂና በባቱ ዙሪያ እንዲሁም በአዋሽ ተፋሰስ ያለው የመስኖ እርሻ ነው። በበጋ ምርቱ በአንድ ጊዜ ሲደርስ ዋጋው የለቃሚውን የቀን ሒሳብ እንኳ ሳይሸፍን ይቀርና ፍሬው ማሳ ላይ ይበሰብሳል። ክረምት ሲገባ ደግሞ እርጥበት የሚወድደው ሻጋታ መሰል በሽታ ቅጠሉንም ፍሬውንም ይጨርሰዋል። ጾመ ፍልሰታ የሚውለው እዚሁ መሐል፣ ከነሐሴ 1 ጀምሮ ነው። ሥጋ፣ ወተትና ቅቤ በሌለበት ገበታ ላይ ስልሱም፣ ፓስታውም፣ የምስር ወጡም ቲማቲም ይፈልጋል፤ ጉሊት ላይ ያለው ቲማቲም ግን ጥቂትና ውድ ነው። ሸማቿ በነሐሴ ድልህ ስትገዛ ጣዕሙን ከትኩሱ አስበልጣ ሳይሆን፣ የጥርን ቲማቲም በጥር ዋጋ በነሐሴ ለማግኘት ብላ ነው። እኔ የማውቀው ትልቁ ፍላጎት ይህ ነው፤ ማስታወቂያዎቻችን ግን ስለ «ዘመናዊ አኗኗር» ሲያወሩ ይከርማሉ።

ፍላጎቱ ካለ አቅርቦቱን ምን ያዘው? መርቲ የሚለው ስም በድልሁና በማርማላታው ለብዙ ዘመን በየቤቱ ሲታወቅ ስለኖረ ሙያው በአገር ውስጥ የለም ማለት አይቻልም። ችግሩ የሚጀምረው ማሳው ላይ ነው። ቲማቲም አብዛኛው ውሃ በመሆኑ አንድ ኪሎ ወፍራም ድልህ ለማውጣት ስድስት ኪሎ ያህል ፍሬ ያስፈልጋል፤ ለጉሊት የሚለማው ትልልቅና ውሃማ ዝርያ ከሆነ ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል ለፋብሪካ የሚስማማ ዝርያ ካወጣ ቆይቷል፤ ስሙንም «መልካ ሳልሳ» ብሎታል። ገበሬው ግን ፍሬው ትንንሽ የሆነውን ይህን ዝርያ ፋብሪካው እንደሚወስድለት እርግጠኛ ካልሆነ ለምን ይዘራዋል? ውል ቢኖርም ዋጋ ሲወጣ ገበሬው ለነጋዴ ይሸጣል፣ ዋጋ ሲወርድ ፋብሪካው «መጋዘኔ ሞልቷል» ይላል፤ ሁለቱም ወገን ይህን ጨዋታ ያውቀዋል። ናይጄሪያ ውስጥ ካኖ አጠገብ ካዳዋ ላይ የተተከለው ትልቁ የዳንጎቴ የድልህ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ2016 ሥራ በጀመረ በጥቂት ወራት ውስጥ የሚፈጨው ቲማቲም አጥቶ ቆሟል፤ በዚያው ዓመት ቱታ አብሶሉታ የተባለው ተባይ ማሳዎቹን አውድሞ ነበር። ይህ ተባይ በእኛም አገር አለ። ገዢ በሞላበት አገር የተተከለ ፋብሪካ ጥሬ ዕቃ አጥቶ ከቆመ፣ የእኛን ባዶ መደርደሪያ በሸማቹ ማሳበብ ትክክል አይሆንም።

ሸማቹ የፈለገውን ሁሉ ማቅረብ ይገባል እያልሁም አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት አንድ ሰው በቀን ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ እንዲመገብ ይመክራል፤ ገሚሱ ስኳር የሆነ ማርማላታን በዚህ ሒሳብ ውስጥ ማስገባት ራስን ማታለል ነው። ጨው የበዛበት ድልህም እንደዚሁ። ስለዚህ የስኳሩና የጨው መጠኑ ከፊት ለፊት፣ በሚነበብ ፊደል ቢጻፍ እመርጣለሁ።

ወደ ሱቁ ልመለስ። በናይጄሪያና በጋና ድልህ በ70 ግራም ትንንሽ ከረጢት ታሽጎ በየመንደሩ ይሸጣል፤ ለአንድ ድስት የሚበቃ ስለሆነ ማቀዝቀዣ አይፈልግም። እዚህም ያንኑ ማድረግ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን እሽጉ ባነሰ ቁጥር ከዋጋው ውስጥ የማሸጊያው ድርሻ ይጨምራል። የቆርቆሮውም የከረጢቱም ጥሬ ዕቃ በአመዛኙ በዶላር የሚገዛ ሲሆን፣ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ወጪው እጅግ ከብዷል። ባለሱቁ ግን ለማሸጊያ የሚያወጣው የአንድ ፌስታል ቁራጭ ዋጋ ነው። ቆርቆሮው ቀኑን ሙሉ ተከፍቶ ዝንብ ቢያርፍበትም፣ ማንኪያው በምን እንደታጠበ ባይታወቅም፣ በዋጋ የሚደርስበት የለም። ስለ ፋብሪካ ማበረታቻ የሚነጋገሩ ባለሥልጣናትና ባለሀብቶች ከመሬትና ከማሽን በፊት በማሸጊያ ጥሬ ዕቃ ላይ ያለውን ቀረጥ ጠረጴዛ ላይ ቢያወጡት፣ ትንሿ ከረጢት ከማንኪያው ጋር የምትወዳደርበት ዋጋ ይገኝ አይገኝ እንደሆነ በወረቀትና በእርሳስ ሊሰላ ይችላል።