አመራር ከልብ ወለድ ይማሩታል?

መነሻ፦ አሜሪካዊው የድርጅት ጥናት ሊቅ ጄምስ ማርች (1928–2018 እ.ኤ.አ.) በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ለዓመታት ስለ አመራር ሲያስተምር ያስነብብ የነበረው የሼክስፒርን ተውኔት «ኦቴሎ»ን፣ በርናርድ ሾው ስለ ፈረንሳይዋ ጀግና ስለ ጃን ዳርክ የጻፈውን ተውኔት፣ የቶልስቶይን ልብ ወለድ «ጦርነትና ሰላም»ን እና የሰርቫንቴስን ልብ ወለድ «ዶን ኪኾቴ»ን ነው። አንድ መምህርና አንዲት ሥራ አስኪያጅ ይከራከሩበታል።

መምህሩ፦ ማርች ልብ ወለድ ያስነበበው የሚያስተምረው ቢያጣ አይደለም። በ1958 እ.ኤ.አ. ከኸርበርት ሳይመን ጋር፣ በ1963 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከሪቻርድ ሳየርት ጋር የጻፋቸው መጻሕፍት እስከ ዛሬ የዘርፉ መሠረት ናቸው። ነገር ግን መሪን እንቅልፍ የሚነሳው ጥያቄ በሠንጠረዥ አይሰፍርም። በጸጋዬ ገብረ መድኅን አማርኛ የምናውቀውን ኦቴሎን ይውሰዱ። ጀግና አዛዥ ነው፣ ሙያውን ያውቃል። የጣለው ሹመት ለሌላ ሲሰጥ ያኮረፈ የቅርብ ሰው ነው፤ ያንኑ ሰው ደግሞ «ታማኙ ኢያጎ» እያለ የሚጠራው ራሱ ኦቴሎ ነው።

ሥራ አስኪያጇ፦ መምህር፣ ኢያጎን ለማወቅ እኮ ቢሮ ውስጥ ሁለት ዓመት መሥራት ይበቃል። እኔ የውኃ ሥራ ነው የምመራው። አምና ፓምፕ ተቃጠለብን። መለዋወጫው መጋዘን ውስጥ አለ፤ ቁልፍ የያዘው ሰው የዓመት ፈቃድ ላይ፣ የወጪ ማዘዣ ፈራሚው መስክ ላይ። ሰፈሩ አራት ቀን በጀሪካን ሲቀዳ ሰነበተ። ተተኪ ፈራሚ አስቀድሜ አልወከልኩም ነበር፤ ጥፋቱ የኔው ነው። ታዲያ ቶልስቶይ በዚያ አራት ቀን ምን ይለኝ ነበር? ማርች ራሱ መሪነት ግጥምም የቧንቧ ሥራም ነው ይል ነበር፦ መጸዳጃ ቤቱ ይሥራ፣ ስልክ የሚያነሳ ሰው ይኑር። እናንተ አድናቂዎቹ ግጥሙን ብቻ ይዛችሁ ቀራችሁ።

መምህሩ፦ ቧንቧውን አልናቅሁም፤ ቶልስቶይ ግን የሚልዎት አለው። በ«ጦርነትና ሰላም» ውስጥ፣ ሩሲያና ኦስትሪያ ናፖሊዮንን የገጠሙበት የአውስተርሊትዝ ውጊያ ዋዜማ ነው። ጄኔራሎቹ በሌሊት ተሰብስበዋል። ኦስትሪያዊው ቫይሮተር የነገውን ዕቅድ ያነባል፤ ይህ ጓድ በዚህ፣ ያኛው በዚያ። ሩሲያዊው አዛዥ ኩቱዞቭ ወንበሩ ላይ እንዳለ ተኝቷል፤ የምር እንቅልፍ። ሲነቃ ዕቅዱ ከእንግዲህ እንደማይለወጥ ይነግራቸውና ከውጊያ በፊት ጥሩ እንቅልፍን የሚያህል የለም ብሎ ያሰናብታቸዋል። ሲነጋ ያ ሁሉ ዕቅድ ጭጋግ ውስጥ ተበተነ። ማርች ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር በ1972 እ.ኤ.አ. ድርጅትን ከቆሻሻ መጣያ ጋር ያመሳሰለው እኮ ለቀልድ አይደለም፤ ችግሩም መፍትሔውም ሰዉም እዚያ ውስጥ እንደ አጋጣሚ ነው የሚገናኙት። ቁልፍ ያዥዎና ፈራሚዎ እንዳልተገናኙት ማለት ነው።

ሥራ አስኪያጇ፦ ስብሰባ ላይ የሚተኛ አለቃ እንኳ ሞልቶናል፤ መማሪያ አያስፈልገውም። የኔ ጭንቅ ዶን ኪኾቴ ነው፤ ራሱን እንደ ጥንቱ ጀግና ፈረሰኛ ቆጥሮ የተበደለን ላድን ብሎ የወጣው ሰው። ማርች የወደደለት ውጤቱን ሳያሰላ፣ ማንነቴ ይህን ያዘኛል ብሎ መነሣቱን ነው። ግን አንድሬስ የሚባለውን እረኛ ያስታውሱታል? ጌታው ዛፍ ላይ አስሮ ይገርፈዋል። ዶን ኪኾቴ ደርሶ ያስፈታዋል፤ ጌትየውን ደመወዙን እንዲከፍል ቃል ያስገባና በራሱ ሥራ ደስ እያለው ይጋልባል። ጌትየው ልጁን መልሶ አስሮ ከበፊቱ አብልጦ ገረፈው። ቆይተው ሲገናኙ ልጁ የለመነው ምን መሰለዎት? ዳግመኛ ሲቆራርጡኝ እንኳ ቢያዩ አይርዱኝ! እኔ የማውቀው መሪ ይኼ ነው፤ መመሪያ አውጥቶ፣ ተጨብጭቦለት ይሄዳል፤ ዱላው ለሠራተኛው ይቀራል።

መምህሩ፦ ይኸውና! ልጁን ያገኙት እኮ እዚያው መጽሐፍ ውስጥ ነው። የትኛው የአመራር መማሪያ ነው አንድሬስን ያሳየዎት?

ሥራ አስኪያጇ፦ አልክድም። ግን ያነበብኩት ፓምፑ ከተቃጠለ በኋላ ነው። በሃያ ሁለት ዓመቴ፣ ለፈተና ብዬ ባነበው ኖሮ፣ ከዶን ኪኾቴ ከሲታ ፈረስ በቀር የማስታውሰው አይኖርም ነበር።