ማስተካከያ፦ «ጤዛ» ቬኒስ ላይ የተሸለመው ምንድን ነው?

ሰሞኑን እዚህ ጎንደር በቴሌግራም ብዙ ሰው የተቀባበለው አንድ የፊልም ሂስ አለ። የቅርብ ጊዜ የአማርኛ ፊልሞችን ከኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» ጋር ያነጻጽራል። ጽሑፉ «ጤዛ» በጣሊያኑ የቬኒስ ፊልም ፌስቲቫል ትልቁን ሽልማት፣ የወርቅ አንበሳን፣ ተሸልሟል ይላል። ከርዕሱ ሥርም ክንፍ ያለው አንበሳ ተለጥፏል። ይህ ስህተት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2008 የወርቅ አንበሳውን የወሰደው የአሜሪካው «ዘ ረስለር» ነው። በፌስቲቫሉ ይፋዊ የሽልማት ዝርዝር መሠረት «ጤዛ» ያገኘው የዳኞች ልዩ ሽልማትንና የምርጥ ስክሪፕት ሽልማትን ነው። አንደኛ የወጣው በቀጣዩ ዓመት ነው፤ ቡርኪና ፋሶ፣ ዋጋዱጉ ላይ በአፍሪካ ፊልሞች ፌስቲቫል በፌስፓኮ ትልቁን ሽልማት፣ የየኔንጋን የወርቅ ፈረስ፣ ወሰደ። ጎንደር ተወልዶ ላደገ ዳይሬክተር ይህ ትልቅ ክብር ነው፤ ሌላ መጨመር አያስፈልገውም።

ሃያሲው ስለ አዳዲሶቹ ፊልሞች የሰጠው አስተያየት በዚህ አይፈርስም። እንዲያውም ይጠናከራል። ዋናው ቅሬታው ስክሪፕት ላይ ነው፦ ገጸ ባሕሪዋ ለምን እንደከፋት ሳናውቅ የሐዘን ሙዚቃው ቀድሞ ይመጣል ይላል። እውነቱን ነው። ቬኒስ ላይ ዳኞቹ ያከበሩትም ስክሪፕቱን ነው።

ባለ አንበሳውን ምስል ያጋራችሁ፣ እባካችሁ ይህን ማስተካከያም አብራችሁ አጋሩ።