ይድረስ ለተከበሩ አቶ «ላልተወሰነ ጊዜ ተራዝሟል»

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከናፍቆትዎ በስተቀር ደህና ነኝ። ኮንሶሌም (ቲቪ ላይ የምሰካው የጌም ማጫወቻዬ) ደህና ነው። ጆይስቲኩ ብቻ አውራ ጣት የሚያርፍበት ጎማው ተልጧል። እርስዎን ሲጠብቅ በሌላ ጌም አርጅቶ ነው።

ክቡርነትዎ ያራዘሙብኝን ጌም ስም አልጠራም። ኮምፒውተር ያላቸው ጓደኞቼ ሁለቴ ጨርሰውታል። መጨረሻ ላይ ማን እንደሚሞት እንኳ ሳልጠይቃቸው ነግረውኛል። ለእኛ ለኮንሶሎቹ ግን «በቅርቡ» የሚል የአንድ ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ ማስታወቂያ ተለቀቀልን። በቃሌ ይዤዋለሁ። አርባ ስምንተኛው ሰከንድ ላይ አንድ በር ይከፈታል። ከበሩ ወዲያ ያለውን እስከ ዛሬ አላየሁም።

መሸጫ ገጹ ላይ የመውጫው ቀን ዲሴምበር 31 ይል ነበር። ቀኑ ደረሰ። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ ገጹን ብከፍተው አሁንም ዲሴምበር 31 ይላል፤ የሚቀጥለው ዓመት። ለካ ሻጮች ቁርጥ ያለ ቀን ካልተነገራቸው የዓመቱን መጨረሻ እንዲሁ ሞልተው ነው የሚቀመጡት። ይህ የገባኝ በሦስተኛው ዲሴምበር ነው። (ዘገምተኛ ነኝ፤ አይፍረዱብኝ።)

ከዚያ እርስዎ መጡ። በሁለት መስመር። «ጥራቱን ለመጠበቅ ሲባል ላልተወሰነ ጊዜ ተራዝሟል። ስለ ትዕግሥታችሁ እናመሰግናለን።» የምን ትዕግሥት? ማን ትዕግሥት አለኝ አለ?

በቃ፣ አንቱታው እዚህ ላይ ይቅር። ስማ አንተ!

ጌም ለምን እንደሚሰረዝ ይገባኛል። በማውስና በኪቦርድ ታስቦ የተሠራን ጌም ወደ ጆይስቲክ መገልበጥ ጣጣ አለው። ኮምፒውተር ሚሞሪ ሲያንሰው ይጨመርለታል፤ ኮንሶል በተወለደበት ሚሞሪ ነው የሚያረጀው። ገንዘብም ያልቃል። አንዳንዴ ኮንሶሉ ራሱ ቀድሞ ይሞታል። ሃፍ ላይፍ የሚባለውን ጌም አስታውስ። በ1998 በኮምፒውተር ወጥቶ ጌመሩን ሁሉ አሳበደ (ዓመቱን በፈረንጅ ነው የምቆጥርልህ፤ አንተም የምታራዝመው በእሱ ነው)። ድሪምካስት ለሚባለው ኮንሶል የሚሆነው ሊያልቅ ጫፍ ላይ ሳለ አምራቹ ሴጋ ድሪምካስትን ማምረት አቆመ። በጁን 2001 ጌሙም ተሰረዘ። አንጀት ይበላል። ግን «ተሰረዘ» ተባለ፣ ሰዉም እርሙን አወጣ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ለፕሌይስቴሽን 2 ወጣለት።

አንተ ግን አትገድል፣ አታድን። ስታርክራፍት ጎስት የሚባለውን ጌም ምን አደረግኸው? ብሊዛርድ የሚባለው ኩባንያ በ2002 ለኮንሶል ብሎ አስተዋወቀው። ኖቫ የምትባል ሰላይ ነበረች ዋናዋ። የሚሠራው ስቱዲዮ ተቀየረ። በ2005 ለጌምኪዩብ፣ ለኔንቲንዶው ኮንሶል፣ የታሰበው ቀረ። በማርች 2006 አንተ ከተፍ አልክ። «ተሰርዟል» የሚለው ቃል ከኩባንያው አፍ የወጣው በ2014 ነው። ስምንት ዓመት! ያኔ ጌሙ የተሠራላቸው ኮንሶሎች ከገበያ ጠፍተዋል፤ ተተኪዎቻቸውም ሌላ ተተኪ መጥቶባቸዋል። ኖቫ ራሷ አልጠበቀችህም። በ2010 ስታርክራፍት 2 ውስጥ ገብታ ሥራዋን ቀጠለች። ጎበዝ ልጅ።

ደግሞ ስታር ፎክስ 2 የሚባለውን ጌም እየጠቀስክ አታባብለኝ። አዎ፣ በ1990ዎቹ አጋማሽ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ኔንቲንዶ አስቀርቶት ነበር፤ በ2017 የድሮ ጌሞች ተጭነውባት በተሸጠችው ኮንሶል፣ በትንሿ ሱፐር ኔንቲንዶ ውስጥ ወጣ። በዚያች አንድ ጌም የተነሳ ስንቱ ሰው «ላም አለኝ በሰማይ» እያለ እንደሚኖር ታውቃለህ? አንዱ እኔ ነኝ።

ለአንተ ብዬ ኮንሶሌ ላይ 60 ጊጋባይት ባዶ ትቻለሁ። ታናሽ ወንድሜ የኳስ ጌም ልጫንበት ባለ ቁጥር «የሰው ቦታ ነው፣ አትንካ» እለዋለሁ። ትናንት «የማን ሰው?» ብሎ አፈጠጠብኝ። መልስ አጣሁ።

ስለዚህ ቁርጤን ንገረኝ። «ቀርቷል» በል፤ አንድ ቃል ናት። አልሳደብም። ቦታዋንም ዛሬ ማታ ለልጁ እለቅለታለሁ።

እሺ፣ ዛሬ ማታ እንኳ አይደለም። ዲሴምበር 31ን ልይና።

አክባሪህ፣
ጆይስቲኩን ቻርጅ አድርጎ የሚጠብቅህ