በከተማ ያሉትንም አስቧቸው
ሰሜን ወሎ ጃራ መጠለያ ስላሉት የወለጋ ተፈናቃዮች ችግር የተጻፈውን ጽሑፍ አንብቤዋለሁ፤ ያነሳው እውነት ነው። ግን ደሴ ከተማ ቤት ተከራይተው የሚኖሩትን ተፈናቃዮችም አትርሷቸው። እኔ ደሴ ሰኞ ገበያ ሰፈር ነው ያለሁት። ተፈናቃይ ጎረቤቴ ከአራት ልጆቿ ጋር በአንዲት የጭቃ ክፍል ትኖራለች። ወለሉ አፈር ነው። የጦሳ ተራራን ብርድ ደግሞ ደሴ የኖረ ያውቀዋል! የሰው ልብስ አጥባ፣ እንጀራ ጋግራ የምታገኘው ለኪራይ እንኳ በቅጡ አይበቃም። ስሟ መዝገብ ላይ ስለሌለ የእርዳታ ስንዴ አይደርሳትም። ትልቁ ልጇ ትምህርቱን ትቶ ሊስትሮ ሆኗል። ይሄ አንጀቴን ይበላኛል። እኛስ በ2014 ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ሸሽተን የሰው በረንዳ ላይ አላደርንም? ቡና ሲፈላ እጠራታለሁ፣ አብሽሪ እላታለሁ። ከዚህ በላይ አቅም የለኝም። አከራዮች፣ በአላህ፣ ቢያንስ በዚህ ክረምት ኪራይ አትጨምሩባቸው።