ማስተካከያ፦ የኤፕሰን ስታይለስ ሲ88 ቀለም ሲደፈን

ስለዚህ የቆየ ፕሪንተር ባለፈው ስጽፍ፣ «ህትመቱ ነጭ መስመር ካወጣ ካርትሪጁን ቀይሩ፤ ሄዱም (ቀለም የሚረጨው ክፍል) አብሮ ይቀየራል» ብዬ ነበር። ስህተት ነው። እንደዚያ የሚሠሩት ብዙዎቹ የኤችፒ ዴስክጄቶች ናቸው። በዚህኛው ግን ሄዱ ያለው ፕሪንተሩ ውስጥ ነው። አራቱ ካርትሪጆች የያዙት ቀለም ብቻ ነው። ያረጋገጥኩት ከአምራቹ የተጠቃሚ መመሪያ ነው።

ስለዚህ ቀለም እያለ አዲስ ካርትሪጅ መግዛት የተደፈነውን ሄድ አይቀይረውም። በእኔ ምክር ገንዘብ ያወጣችሁ ካላችሁ ከልብ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ካርትሪጁ ካልተከፈተ አስቀምጡት፣ ቀለሙ ሲያልቅ ይጠቅማችኋል።

መጀመሪያ የኖዝል (ቀለም የሚወጣባቸው የሄዱ ቀዳዳዎች) ፍተሻ ገጹን አትሙ። የተቆራረጠ መስመር ካያችሁ የሄድ ማጽጃውን አስነሱ። በላይ በላዩ ግን አይሁን፤ ማጽዳቱ ራሱ ቀለም ይበላል። ፕሪንተሩንም በራሱ ቁልፍ አጥፉት እንጂ እየሠራ ከሶኬት አትንቀሉት። በቁልፉ ሲጠፋ ሄዱ ቦታው ገብቶ ይከደናል፣ ቀለሙም ቶሎ አይደርቅም።