ባለ ሦስት ፌዝ

ባለፈው ሐሙስ ለአንድ ሰዓት ተኩል ያህል የተቆለፈ በር ፊት ቆሜ ነበር። ብቻዬን አልነበርኩም። ከሌላ ከተማ ለልምድ ልውውጥ የመጡ ዐሥራ አራት እንግዶች፣ ሁለት ካሜራ ያዦች፣ የእኔ ቢጤ ጥቂት ወላጆች፣ እንዲሁም ቱታቸው የሱቁን እጥፋት ገና ያልለቀቀ ሠላሳ የሚሆኑ ሠልጣኞች አብረውኝ ፀሐይ ይሞቁ ነበር። ከበሩ በላይ «ዘመናዊ የተግባር መማሪያ ማዕከል» የሚል ጽሑፍ አለ። ከጽሑፉ በታች የጎልማሳ ጡጫ የሚያህል ጋን ቁልፍ አለ። ቁልፉን የያዙት የንብረት ክፍል ሠራተኛ የት ሄዱ ቢባል፣ ለልምድ ልውውጥ ሌላ ከተማ ሄደዋል።

እንግዶቹ ሳይከፋቸው አልቀረም። እኔ ግን ኮራሁ። ልምድ ለመቅሰም ለመጣ ሰው ከዚህ የበለጠ ምን ልምድ ይሰጣል?

መቼም ይህን በር እርስዎም ያውቁታል። በልጅዎ ትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ ይባላል፤ በወንድምዎ ልጅ ኮሌጅ ወርክሾፕ ይባላል። በመጋረጃው ቀዳዳ ሲያጮልቁ ነጭ ላስቲክ የለበሱ ነገሮች እንደ ሙሽራ ሚዜ ተሰልፈው የሚታዩበት ክፍል ነው። በዓመት ሁለት ጊዜ ይከፈታል፤ አንዱ ጎብኚ ሲመጣ፣ ሌላው ቆጠራ ሲደርስ። ይህን የሚነቅፉ ሰዎች ይገርሙኛል። ማሽኑ አልተሰበረ፣ መሰርሰሪያው አልጠፋ፣ የማንም ጣት አልተቆረጠ! በዓለም ላይ እንዲህ ያለ አደጋ አልባ ወርክሾፕ ካለ ይጠቁሙኝ።

ጥበቡን ከየት አመጣነው የሚል ካለ ወደ እናቱ ሳሎን ይግባ። ቡፌው ውስጥ ከሠርጓ ማግስት ጀምሮ ውሃ ያልቀመሱ ስድስት ብርጭቆዎች አሉ። ሶፋው ከፋብሪካ ሲወጣ የለበሰው ላስቲክ ዛሬም አለ፤ በበጋ ሲቀመጡበት ከሰው ቆዳ ጋር ተጣብቆ ይጮኻል። የቴሌቪዥኑ ሪሞት በፌስታል ተጠቅልሏል። በዚህ ቤት ያደገ ልጅ አድጎ የኮሌጅ ኃላፊ ሲሆን ምን እንዲያደርግ ነበር የተጠበቀው? ቡፌውን አሰፋው እንጂ ምን አጠፋ?

ከማሽኖቹ ሁሉ የእኔ ወዳጅ ከበሩ በስተግራ የቆመው ቶርኖ፣ ብረት እያሽከረከረ የሚቀርጸው ማሽን ነው። አምና የማዕከሉ ምርቃት ላይ ተዋውቀናል። የእህቴ ልጅ እዚያ ትሠለጥናለች፤ እናቷ ሥራ ስላልተመቻት በወላጅ ቦታ የምጠራው እኔ ነኝ። የዚህን ቶርኖ የሕይወት ታሪክ ያጫወተችኝም እሷ ናት።

መጀመሪያ የመጣ ዕለት በሩ አላስገባ አለው። ሕንፃውን የነደፉት ሰው ፊቱን መስተዋት አልብሰው፣ ኮርኒሱን በጅብሰም አበባ አስጊጠው፣ ለእንግዶች ማረፊያ ሳይቀር ቦታ ለይተው ነበር። ቶርኖ ወርዱ ስንት እንደሆነ ግን ማንም አልነገራቸውም፤ እሳቸውም አልጠየቁም። ግድግዳው ፈረሰ፤ ቶርኖው ገባ፤ ግድግዳው ተመልሶ ተገነባ። እንግዲህ ይህ ማሽን ከዚህ ቤት የሚወጣው ግድግዳ ሲፈርስ ብቻ ነው። በሩ ላይ ያን የሚያህል ጋን ቁልፍ የተንጠለጠለው ሌባ ቶርኖውን በኪሱ ከቶ እንዳይወጣ ይመስለኛል።

ወለሉ ነጭ ሴራሚክ ነው። ቶርኖ የሚባለው ፍጥረት ደግሞ ሲሠራ ይንቀጠቀጣል፣ ዘይት ይተፋል፣ የጋለ የብረት ፍቅፋቂ ይረጫል፤ ባለጌ ነው። ስለዚህ ሌላው አገር ወፍራም ኮንክሪት ላይ በብሎን ጠፍረው ያስሩታል። የእኛ ግን ሴራሚክ ላይ ቆሟል። ብሎን እንዲገባ ሴራሚኩ መበሳት አለበት። ሴራሚኩ እንዲበሳ አንድ ሰው መፈረም አለበት። የመንግሥት ሴራሚክ ይበሳ ብሎ የሚፈርም ወንድ ጠፋ። ቶርኖው ሳይታሰር ቀረ፤ ወለሉን እንዳይጭር ከሥሩ ምንጣፍ ተነጠፈለት። አንድ ጊዜ በሩ ተከፍቶ ሠልጣኞቹ ማሽኑን እንዲያዩ ሲፈቀድላቸው፣ «ጫማችሁን አውልቁ» ተባሉ። ብረት ቢወድቅ ጣት እንዲያድን ተብሎ አፍንጫው በብረት የተሠራውን የደኅንነት ጫማ በር ላይ አውልቀው፣ ቅኔ ማኅሌት እንደሚገባ ሰው በካልሲ ገቡ። አንድ ልጅ ካልሲው ተቀዶ ስለነበር ውጭ ቀረ።

ከዚያ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ተጠራ። ሰውየው የማሽኑን ጀርባ አየ፤ የግድግዳውን መሰኪያ አየ፤ «ይኼ ባለ ሦስት ፌዝ ነው፤ ቤቱ ግን ባለ አንድ ፌዝ ነው» ብሎ መሣሪያውን ሰብስቦ ሄደ። በዚህ አልስማማም። ቤቱን በሚገባ ቆጥሬዋለሁ። የማሽኑን ወርድ ሳይለኩ በር ማቆም፣ አንድ ፌዝ። ዘይት የሚፈስበትን ወለል ነጭ ሴራሚክ ማልበስ፣ ሁለት ፌዝ። 220 ቮልት ብቻ በተዘረጋበት ሕንፃ ውስጥ 380 ቮልት የሚጠይቅ ማሽን አስቀምጦ ሪባን መቁረጥ፣ ሦስተኛው ፌዝ። ማሽኑ የሚፈልገው ሁሉ ተሟልቶለታል። ለምን እንደማይነሣ እንጃለት።

ይሁን፣ መብራቱም ገባ እንበል። የሚቆረጥ ብረትስ? አሠልጣኙ ሞዴል 20 ሞልተው ሃያ ሴንቲ ሜትር ድቡልቡል ብረት ጠየቁ። ንብረት ክፍሉ መዝገቡን ገልጠው ብረቱ አላቂ ዕቃ መሆኑን አረጋገጡ። «እንዴት አድርጌ እሰጥዎታለሁ?» አሏቸው። «ከሰጠሁዎት ያልቃል እኮ!» አሠልጣኙ መልስ አጡ። እኔም ብሆን አጣለሁ።

አንዳንድ ተጠራጣሪዎች የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ከመቶ 70 እጁ ተግባር፣ 30 እጁ ንድፈ ሐሳብ መሆን አለበት ተብሏል እያሉ ይነታረካሉ። ማን ጣሰው? የእህቴ ልጅ ሳምንቷን ዘርዝራ ነግራኛለች። ሰኞ ቁልፍ ያዡን መፈለግ። ማክሰኞ ቁልፍ ያዡን አግኝቶ ፊርማ እንደሚያስፈልግ መስማት። ረቡዕ ፈራሚው ስብሰባ ላይ መሆናቸውን ከጸሐፊዋ ማረጋገጥ። ሐሙስ የቶርኖውን ሥዕል ከሰሌዳ ወደ ደብተር መገልበጥ። ዓርብ እንደገና ቁልፍ ያዡን መፈለግ። ከዚህ ሁሉ ንድፈ ሐሳብ የሚባለው ሥዕሉ ብቻ ነው፤ የቀረው በእግርና በደረጃ የሚሠራ ንጹሕ ተግባር ነው። ሲሰላ እንዲያውም 80 ይሞላል። ሥዕሏን ግን ብታዩት! ብረቱን ነክሶ የሚያሽከረክረውን ቸክ ከነጥርሱ፣ የጅራት በኩሉን ከነመዘውሩ አሳምራ ነው የምትስለው። ሳሎናችን ውስጥ አንዱን በፍሬም ሰቅለነዋል። ሲኦሲ የሚባለው የብቃት ምዘና ሲደርስ ማሽኑን ለመጀመሪያ ጊዜ በእጇ ትነካዋለች ብለን በጉጉት እየጠበቅን ነው፤ ለዚያ ቀን አዲስ ካልሲ ገዝቼላታለሁ።

ከጣልያን ወረራ ማግስት፣ በ1930ዎቹ፣ አዲስ አበባ ላይ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ሲከፈት ስሙን ተግባረ እድ አሉት። እድ በግእዝ እጅ ነው። የዋሆች ነበሩ፤ ሥራ በእጅ የሚለመድ መስሏቸው። እኛ ወደ ተግባረ ዓይን ተሸጋግረናል። ሽግግሩም በአንድ ጀንበር የመጣ አይደለም። በ1990ዎቹ መጨረሻ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ፕላዝማ ሲተከል፣ ስክሪኑ ውስጥ ያለው መምህር ሙከራውን እዚያው ሠርቶ ያሳይ ነበር፤ «እስቲ አሁን እናንተ ሞክሩት» ብሎ ጥቂት ዝም ይላል፤ ስልሳ ተማሪ ዝም ብሎ ያየዋል፤ እሱም «በጣም ጥሩ» ብሎ ይቀጥላል። መሠረቱ ያኔ ተጥሏል።

የሰፈራችን ልጅ አምና ተመርቆ አንድ ብረታ ብረት ቤት ተቀጠረ። በመጀመሪያው ቀን ብረቱን ቸኩ ላይ አሰረና ቸኩን ያጠበቀበትን ቁልፍ ሳይነቅል ማሽኑን አስነሣው። ቶርኖ የነካ ሰው ሁሉ ቁልፉ ከቸኩ ሳይወጣ እጅ ወደ ማስነሻው እንደማይሄድ ያውቃል፤ ሁሉም መጀመሪያ የሚማረው ይህንኑ ነው። ቁልፉ ተወርውሮ ቅንድቡን ከፈተው። አንድ ጣት ዝቅ ቢል ዓይኑ ነበር። ልጁ ሰነፍ አይደለም፤ ሕጉን ደብተሩ ላይ ጽፎ በቀይ አስምሮበታል፣ አውጥቶ አሳየኝ። እጁ ግን አያውቀውም። ሁለት ዓመት ሙሉ እጁን የከለከሉት እነማን ናቸው? እናቱ እንጀራ ሸጣ ለታክሲ የሰጠችው ገንዘብ፣ የእሱ ሁለት ዓመት፣ በውጭ ምንዛሪ የተገዛ ማሽን፣ ሁሉም አንድ ወለል እንዳይቆሽሽ ተብሎ ተበላ። ንብረት እንጠብቃለን ይሉናል። ቶርኖው ከቤቱ ሳይወጣ ተሰርቋል፤ ሌቦቹም በየወሩ ደመወዝ ፈርመው ይወስዳሉ።

አያቶቻችን ብረት ቀጥቃጩን ቡዳ ነው፣ በዓይኑ ይበላል እያሉ ሲያሙት ኖሩ። ነውራቸው ነው። እኛ ደግሞ በዓይኑ ብቻ የሚሠራ ብረት ሠሪ አሠልጥነን ሐሜታቸውን እውነት ልናደርግላቸው ነው።

ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። ኋላቀር የመማሪያ ቦታ ምን እንደሚመስል ማየት የሚፈልግ መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ይሂድ። መስተዋት የለም፣ ኮርኒስ የለም፣ እንኳን ሴራሚክ ደረቅ መሬትም በመከራ ነው። የዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ ቁጢጥ ብሎ የዘይት በርሜል ይዘረጋል፤ አጠገቡ ያለው ጎረምሳ «እንዲህ አይደለም» ብሎ መዶሻውን ነጥቆ ሁለቴ ይመታና ይመልስለታል። ትምህርቱ ያ ነው። ፈተና የለ፣ ሞዴል 20 የለ፤ ማታ ላይ በርሜሉ ምድጃ ሆኖ ይሸጣል። ብረቱ ግን ያልቃል። ይኼ ነው ችግራቸው።

ደግነቱ አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የሙያና ቴክኒክ ትምህርትን ወደ መደበኛው ትምህርት ቤትም አስገብቶታል። ሐሳቡ መልካም ነው፤ የጋን ቁልፍ ነጋዴዎችም እንኳን ደስ አላችሁ። ለቀጣዮቹ ማዕከላት ነዳፊዎች አንዲት አስተያየት አለችኝ፦ በሩ ለምን ያስፈልጋል? ግድግዳው ሲገነባ ማሽኑ ውስጥ ይሁን፤ ዙሪያውን ሰፊ መስኮት ይደረግለት፤ ከመስኮቱ ሥር ለሠልጣኞች መቆሚያ ደረጃ ይሠራ። የቁልፍ ያዥ ደመወዝ ይተርፋል፤ ካልሲም አይቀደድም።

የሐሙሱን ልጨርስ። ቁልፍ ያዡ ስልካቸው አልነሣ አለ። ፀሐዩ ሲከር አንድ ወላጅ ከመንገዱ ማዶ ካለው የበርና መስኮት መሥሪያ ቤት አንድ ልጅ ጠርተው አመጡ። ዐሥራ ሰባት ዓመት ቢሆነው ነው፤ ግራይንደሩን በትከሻው አንግቶ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰክቶ መጣ። ገመዱን ጥበቃው ቤት ሰካ፣ ዲስኩን በአውራ ጣቱ ነካ ነካ አድርጎ አየ፣ «ዞር በሉ፣ ልብሳችሁን ያቃጥላል» አለና ጋን ቁልፉ ላይ አስነሣው። ብልጭታው እስከ ጽሑፉ ድረስ ተረጨ። ሠላሳዎቹ ሠልጣኞች ግር ብለው ከበቡት፤ የኋላዎቹ በጣታቸው ቆሙ። አሠልጣኙ ዕድሉን አላሳለፉትም፤ «ልብ በሉ» አሉ፣ «ብልጭታው ወደ እሱ እንዳይመጣ እንዴት እንደቆመ እዩ!» የእህቴ ልጅ ደብተሯን አውጥታ መሳል ጀመረች። ካሜራ ያዦቹ ቀረጹ። ቁልፉ ለሁለት ተከፍሎ ሲወድቅ እንግዶቹ አጨበጨቡ።

ልጁ ሁለት መቶ ብር ተቀብሎ ሊሄድ ሲል ቶርኖውን በተከፈተው በር አየውና ቆመ። «ይሠራል?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ባለ ሦስት ፌዝ ነው» አልኩት።

በማግስቱ አዲስ ጋን ቁልፍ ተገዝቶ በሞዴል 19 ገቢ ሆኗል። ከድሮው ይበልጣል።